የአግሮኖሚ ሁለተኛ ዲግሪና የምርምር ሥልጠና በሰሜን ሸዋ

አግሮኖሚ የሰብል አመራረትን የሚያጠና የግብርና ሳይንስ ዘርፍ ነው። ምን ይዘራ፣ መቼ ይዘራ፣ ለአንድ ሄክታር ስንት ኪሎ ዘርና ማዳበሪያ ይበቃል፣ ውሃ የሚተኛበት ማሳ እንዴት ይጠንፈፍ የሚሉትን ጥያቄዎች በሙከራ ይመልሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ትምህርት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በግብርናና ተፈጥሮ ሀብት ሳይንስ ኮሌጁ ሥር። ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ገና ወጣት ነው። አካባቢው ግን ተመራማሪ ማሠልጠን የጀመረው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ይህ ጽሑፍም ወደዚያ ወደ ቀደመው ዘመን ያደላል፤ በደንብ ተጽፎ የተቀመጠው እሱ ነውና።

ስያሜው እንዳያሳስት አንድ ነገር ይያዝ። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ በአማራ ክልል ያለው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው ነው። ሌላው በኦሮሚያ ያለው፣ መቀመጫው ፍቼ የሆነው ነው። ፍቼ የሰላሌ ዩኒቨርሲቲም መገኛ ናት። እዚህ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ደብረ ብርሃኑ ወገን ነው።

ቦታው

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ብርዷን የቀመሰ አይረሳውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ፍሬ ያልቋጠረ ሰብል ያን ጊዜ ከደረሰበት አለቀለት። ከከተማዋ ተነስቶ በጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይጓዝ ከገብስ አገር ማሾ አገር ይደርሳል። በሌላ አቅጣጫ ሞረትና ጅሩ አለ፤ ስንዴና ጤፍ በጥቁር አፈር ላይ። ምንጃር ሸንኮራ ደግሞ በነጭ ጤፉና በሽንብራው የታወቀ ነው። አረርቲ የተባለው የካቡሊ ሽንብራ ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያው ከወረዳው ከተማ ነው። መንዝ በበልግ ገብስና በበጉ ይኖራል።

ለአግሮኖሚ ተማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሌላ ቦታ በሥዕል የሚያየውን የአየር ጠባይ ልዩነት እዚህ አንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ያየዋል።

ከዩኒቨርሲቲው በፊት

በኢትዮጵያ የግብርና ድህረ ምረቃ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለማያ፣ በዛሬው ሐረማያ፣ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የሰሜን ሸዋ ልጅ ማስተርስ ለመማር ሐረርጌ ድረስ መሄድ ነበረበት። ትምህርቱ እዚያ ይሁን እንጂ ለሙከራ የሚሆነው ማሳ እዚህም ሞልቶ ነበር።

መጀመሪያ የሚነሣው አንዲት ጥድ ነው። ከደብረ ሲና በላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ትንሽ ተፋሰስ ነው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲጀመር፣ አንዲት ጥድ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። የዝናብ መለኪያ ተተከለ። በወንዙ ላይ የፍሰት መለኪያ ተሠራ። ተዳፋቱ ላይ የአፈር መሸርሸር የሚለካባቸው ፕሎቶች (ትንንሽ የመለኪያ ቁራሽ መሬቶች) ተከለሉ። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ናሙና የሚቀዳው የሰፈሩ ሰው ነበር፤ ዝናቡ ሌሊት ከመጣ ሌሊት ወጥቶ ይቀዳል።

ይህ መረጃ ከኢትዮጵያም ከውጭም ለመጡ ብዙ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ስንቅ ሆኗል። ከክርክሮቹ አንዱ ዛሬም አላበቃም። ጎርፉ የሚፈጠረው ዝናቡ አፈሩ ከሚመጠው ፍጥነት በላይ ስለሚወርድ ነው ወይስ የተዳፋቱ ግርጌ በውሃ ጠግቦ አልቀበልም ስለሚል? የአንዲት ጥድን ቁጥሮች ያጠኑ አንዳንድ ተመራማሪዎች ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። ለተማሪ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መልሱ እርከኑና መፋሰሻው የት ይሠራ የሚለውን ይለውጣልና። ጣቢያው በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል እጅ ገባ።

ሁለተኛው የጥቁር አፈሩ ዘመን ነው። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ገበሬው ውሃውን ፈርቶ ዘሩን ወደ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ስለሚያዘገይ ክረምቱ ያለ ሰብል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጋራ የቬርቲሶል (የጥቁር አፈር) ፕሮጀክት ይህን ለመፍታት የተቋቋመ ነው። በውስጡ በወቅቱ ኢልካ የሚባለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢክሪሳት የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢ ሰብሎች ምርምር ተቋም፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩቱ፣ ግብርና ሚኒስቴርና ዓለማያ ነበሩበት። ኢልካ ደብረ ብርሃን ላይ የራሱ የምርምር ጣቢያም ነበረው። ከፕሮጀክቱ ቦታዎች አንዱ ደግሞ የሞረትና ጅሩዋ እነዋሪ ነበረች።

እነዋሪ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። የእነዋሪ ገበሬ ፕሮጀክት ሳይመጣለት ማሳውን በሬ ካረሰው በኋላ በእጁ መደብና ቦይ እያወጣ ውሃውን ያጠነፍፍ ነበር። ሥራው የቤተሰብ ነው፤ ሴቶችና ልጆች ከፊት ይሰለፋሉ። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ አሠራር አይተው ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው በአንድ ጥማድ በሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ መዝራት ተቻለ። መሣሪያው ግን በታሰበው ልክ አልተስፋፋም። ለበሬው ይከብዳል የሚል አለ፤ የሚጠነፍፈው ውሃ የጎረቤትን ማሳ ያጥለቀልቃል የሚልም አለ። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል። ያም ሆነ ይህ መነሻ ሐሳቡ የጅሩ ገበሬ መሆኑ በየዘገባው መጀመሪያ ላይ ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል መጀመሪያ ሸኖ የነበረ፣ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ይሠራል።

ትምህርቱ እንዴት ይሄዳል

ፕሮግራሙ በመደበኛ ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው፤ የሰብል ፊዚዮሎጂ፣ የአፈር ለምነት፣ የአረም ቁጥጥር፣ የሙከራ ንድፍና ስታቲስቲክስ። ሴሚናር አለ። ፕሮፖዛል ጽፎ ማቅረብ አለ። ሁለተኛው ዓመት የቴሲስ፣ የመመረቂያ ጥናቱ፣ ነው። ለመግባት አሁን ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ ጋት የሚሉትን፣ ማለፍ ያስፈልጋል።

በሥልጠናው ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ማሳ ላይ ነው። አብዛኛው ቴሲስ በአርሲቢዲ (ማሳው በብሎክ ተከፍሎ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ የሚነጻጸሩት ሁሉ በዕጣ የሚደለደሉበት ንድፍ ነው)፣ በሦስት ድግግሞሽ የሚሠራ የመስክ ሙከራ ነው። ብሎክ ለምን እንደሚያስፈልግ በክፍል ውስጥ ቀመሩ ይነገራል። የሚገባው ግን ማሳ ላይ ነው። ከላይ ያለው ፕሎት ደረቅ፣ ከታች ያለው ጭቃ ሆኖ ሲታይ፣ ማዳበሪያው ይሁን መሬቱ ልዩነቱን ያመጣው መለየት እንደማይቻል ያኔ ቁልጭ ይላል። ስለዚህ ብሎኩ ተዳፋቱን አግድም ቆርጦ ይቀመጣል፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ ፕሎቶች ተቀራራቢ መሬት እንዲደርሳቸው። የዳር መስመሮች ከመረጃው ይወጣሉ። የሰብሉ ቁመት፣ የቲለር (ከሥሩ የሚወጣው ቅርንጫፍ) ብዛት፣ የዛላ ርዝመት፣ የሺህ ፍሬ ክብደትና ምርት ይለካሉ። የስንዴና የገብስ ምርት ወደ 12.5 በመቶ እርጥበት ተስተካክሎ ይሰላል። መጨረሻ ላይ በሲሚት፣ በዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ መመሪያ መሠረት የወጪና ገቢ ትንተና ይሠራል። የሙከራው ምርት 10 በመቶ ተቀንሶ ነው የሚሰላው፤ ገበሬው እንደ ተማሪ ፕሎቱን እየዞረ አይንከባከብምና።

የዩኒቨርሲቲው ካላንደርና የሰማዩ ካላንደር አይስማሙም። መኸር የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ፣ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ፕሮፖዛሉ በሁለት ሳምንት ከዘገየ ዘሩ ያልፋል። ዘሩ ካለፈ ደግሞ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው፤ ወይ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በመስኖ መሥራት ነው። በዚህ ላይ ሌላውም አለ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሦስተኛው ብሎኬ ሊታጨድ አንድ ሳምንት ሲቀረው የጎረቤት በሬ ገባበት። አማካሪዬ «ሚሲንግ ዳታ (የጎደለ መረጃ) ነው፣ ተማርበት» አሉኝ። ያን ቀን መልካም ምክር አልመሰለኝም ነበር።

ምን ይጠናል

ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ርዕሱ ሁሉ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ቀድሞ ለአገሩ ሁሉ በጅምላ የሚመከረው 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ዳፕ በኤንፒኤስ ሲተካ (19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር ያለው ነው) አዲሱ ማዳበሪያ በየወረዳው፣ በየሰብሉ መጠኑ መፈተሽ ነበረበት። የእኛ ተማሪዎች ይህን ሥራ ጥሩ አድርገው ሠርተዋል። አዲሶቹ ድብልቆች ከናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለፈ ጥቅም አላቸው ወይ የሚለው ግን በተመራማሪዎች መካከል እስካሁን ያከራክራል።

የቢራ ገብስ ሌላው ነው። ደብረ ብርሃን የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች ስላሉባት ገበያው ቅርብ ነው። እዚህ ያለው ፈተና ገራሚ ነው። ናይትሮጅን ሲጨመር ምርት ይጨምራል፤ የፍሬው ፕሮቲንም አብሮ ይጨምራል። ፕሮቲኑ ከልኩ ካለፈ ብቅል ፋብሪካው አይቀበለውም። ስለዚህ ተማሪው የሚፈልገው ትልቁን ምርት የሚሰጠውን መጠን ሳይሆን ሁለቱን የሚያስታርቀውን ነው።

ባቄላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በሰሜን ሸዋ ደጋ የባቄላ ቅጠል እያበጠ የሚያቆራምድ በሽታ ታየ። ገበሬው ቆርምድ ብሎታል። ከዚያ በሌሎች የደጋ አካባቢዎችም ተዛመተ። አምጪው መጀመሪያ ኦልፒዲየም የተባለ ፈንገስ ነው ተብሎ ተመዘገበ። በኋላ የተደረገ የዘረመል ምርመራ ፋይሶደርማ ነው አለ። በየወረዳው የተሠሩ የፈንገስ መድኃኒትና የዝርያ ሙከራዎች ብዙ ናቸው።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት በባሶና ወራና፣ በጉዶ በረትና በጎሼ ባዶ ቀበሌዎች የሠራው አፍሪካ ራይዚንግ ፕሮጀክትም ለተማሪዎች ማሳና መረጃ ሆኗል። ኢልካን በተካው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በኢልሪ፣ ይመራ የነበረ ነው።

የሚነሡ ቅሬታዎች

ዋናው ቅሬታ የአንድ ዓመትና የአንድ ቦታ ውጤት መብዛቱ ነው። በዚህ ከፍታ ዘንድሮ ውርጭ ቀርቶ ከርሞ ሊመታ ይችላል። እናም በአንድ ክረምት የተገኘ ቁጥር ለምክር አይበቃም። ቴሲሶቹ ራሳቸው መጨረሻ ገጻቸው ላይ «ሙከራው በተለያዩ ዓመታትና ቦታዎች ሊደገም ይገባል» ይላሉ። የሚደግመው ግን ጥቂት ነው። የአፈር ናሙና ውጤት መዘግየትም አለ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ያለው ግጭት ከከተማ ርቆ መስክ መውጣትን አስቸጋሪ አድርጎታል። ብዙ ተማሪ አሁን ሙከራውን ለከተማው ቀረብ ወዳሉ ቀበሌዎች ይስባል።

ዲፌንሱ፣ ቴሲሱን ቀርቦ መከላከሉ፣ በውስጥና በውጭ ፈታኝ ፊት ነው። የውጭ ፈታኙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመረጃ መዝገቡ ነው፤ ጭቃ የነካው፣ በእርሳስ የተጻፈው። ንጹሕ መዝገብ ይዞ የቀረበ ተማሪ «መቼ ገለበጥከው?» ይባላል።