ዶላሩ ሲወጣ ደንበኛው እንዳይወጣ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ኤምዲኤፉ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራው ቦርድ)፣ የበር ማጠፊያው፣ የኤልኢዲ መብራቱ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐዋሳ ላይ የኢንቴሪየር ሥራ ለያዝን ሰዎች የተዋዋልንበት ዋጋ ዕቃውን እንኳ መግዛት አቃተው። ዋጋ ባሻቀበ ቁጥር በየአናጺ ቤቱ የሚደጋገሙ ምክሮች አሉ። አብዛኞቹ ደንበኛ ያስኮበልላሉ።

«ዋጋ ሲጨምር ስልክ አታንሳ፤ ሲረጋጋ ታወራለህ»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ገበያው መወደዱን ደንበኛዎ ያውቃል፤ እሱም ዘይትና ሽንኩርት ይገዛል። የማያውቀው የሰጠው ገንዘብ የት እንደደረሰ ነው። ስልክ ካልተነሳለት «ብሬን በልቶ ጠፋ» ይላል። ሐዋሳ ደግሞ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ወሬው ከአቶቴ ፒያሳ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም።

ኪችን ካቢኔት ላዘዙ እናት እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? የማጠፊያውና የመሳቢያው ሐዲድ ዋጋ ጨምሯል። ከመርካቶ የተላከልኝን አዲስ ፕሮፎርማ ከድሮው ጋር ልኬልዎታለሁ። የታችኛውን ካቢኔት አሁን ሠርተን የላይኛውን ማቆየት እንችላለን። ካልሆነም የበሩን ቁስ እንቀይር። ነጋዴው በዚህ ዋጋ የሚይዝልኝ እስከ ሐሙስ ነው።» ማስረጃ አለው፣ ምርጫ አለው፣ ቀን አለው። በድምፅ ከመላክ በጽሑፍ ይላኩት፤ ኋላ «እንዲህ አላልከኝም» ሲመጣ ያድናል።

«ዕቃ ከተወደደ ውሉ በራሱ ይለወጣል»

አይለወጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 መሠረት ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል። የሚለወጠው ተዋዋዮቹ ሲስማሙ ወይም ሕግ ለዳኛ ሥልጣን ሲሰጥ ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ከመነሻው ለየብቻ ይጻፍ። የዕቃው ሒሳብ በተገዛበት ቀን ዋጋ እንደሚሠራም ውሉ ላይ ይግባ።

«ካላዋጣኝ ቀብዱን መልሼ እወጣለሁ»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አንቀጽ 1885 እንደሚለው ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ከውሉ ሲወጣ ቀብዱን ያጣል። ተቀባዩ ሲወጣ ግን በእጥፍ ይመልሳል። ደረሰኙ ላይ የተቀበሉት ቀብድ ይሁን ቅድመ ክፍያ በግልጽ ይጻፉ።

ገንዘቡ በገባ ዕለት ቶሎ የሚወደደውን ዕቃ ገዝቶ ፎቶውን ለደንበኛው መላክ ደግሞ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ቦርዱን ግን እርጥብ ወለል ላይ አያስተኙት። ኤምዲኤፍ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ያኔ ኪሳራው የእርስዎ ነው።

«ካልቀነስክ ደንበኛው ይሄዳል»

ቅናሹ ከየት ሊመጣ? ብዙ ጊዜ ከማጠፊያው ጥራት ላይ ነው የሚነጨው። በሩ ሲንጋደድ ደንበኛው ቅናሹን ረስቶታል፤ የእርስዎን ስም ግን አይረሳም። ከጥራቱ ይልቅ የሥራውን ስፋት ይቀንሱ።

«የአገር ቁስ ካቀረብክ እንደ ርካሽ ይታያል»

እንደ አቀራረቡ ነው። የሲዳማ ባህላዊ ቤት በቀርከሃ ተሸምኖ የኖረ ነው፤ ቀርከሃውም ከደጋው ይመጣል። ለሐይቅ ዳር ካፌ መከፋፈያ ወይም ኮርኒስ ከጂፕሰም በላይ ያምራል፤ የእኔ ምርጫ ነው። ነገር ግን ነቀዝ በሚከላከለው የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ኬሚካል ውህድ ካልታከመ ነቀዝ ይበላዋል። ይህንንም የሕክምናውን ወጪም አስቀድመው ይንገሩ። ዝም ብሎ የሸጠ ሰው ቀርከሃውንም ራሱንም ያሰድባል።

«ሥራው ከቆመ ግንኙነቱም አበቃ»

ብር ያጠረው ደንበኛ ነገ ሊመለስ ይችላል። በወር አንዴ ደውለው ደህንነቱን ይጠይቁ። በሰፈሩ ካለፉ ጎራ ብለው የላላውን ማጠፊያ ያጥብቁለት፤ ሒሳብ አይጠይቁበት። ልኬቱን፣ ንድፉንና የቀለሙን ቁጥር ደግሞ በስሙ አስቀምጡ፤ ገንዘብ ሲያገኝ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል።