ፊደል ቆጥሮ ግጥም አይለካም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የግጥም ምሽት ሲደረግ፣ ግጥሙ ተነቦ ካለቀ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። «ቤት አልመታም»፣ «ቅኔ የለውም»፣ «ዘይቤ ያንሰዋል» ይባላል። አስተያየቱ አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ተናጋሪውም ሰሚውም ቃሉን ለተለያየ ነገር ይጠቀሙበታል። «ቤት» የሚለውን ብቻ ብንወስድ፣ «የወል ቤት» ሲባል የስንኝ ልክ ነው፤ «ቤት መምታት» ሲባል የስንኝ መድረሻ ድምፅ መገጣጠም ነው። እዚህ ላይ ያልተግባባ ሰው ሌላውም ላይ አይግባባም።

«የወል ቤት ማለት 12 ፊደል ያለው ስንኝ ነው»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው፤ ተማሪም አስተማሪም ይሳሳተዋል። የሚቆጠረው በወረቀት ላይ የሚታየው ፊደል ሳይሆን በአፍ የሚሰማው ቀለም፣ ማለትም አንድ አናባቢ የያዘ የድምፅ ክፍል ነው። ለዚህ ጽሑፍ የተገጠመ አንድ ምሳሌ እንይ (ቦርከና የወሎ ወንዝ ነው)፦

ቦርከና ሲሞላ / መንገዱ ሲዘጋ፣
ሰው ሁሉ ይቆማል / ከዳር እስኪነጋ።

«ቦርከና ሲሞላ» 7 ፊደል ነው፤ «ሰው ሁሉ ይቆማል» ደግሞ 8። ሲነበቡ ግን ሁለቱም እኩል 6 ቀለም ናቸው፦ ቦር-ከ-ና-ሲ-ሞ-ላ፣ ሰው-ሁ-ሉ-ይ-ቆ-ማል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ል» እና «ይ» ያለው ስድስተኛ ፊደል ነው። «ይቆማል» ውስጥ ያለው «ይ» የራሱ አናባቢ ስላለው ይቆጠራል፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ል» ግን አናባቢ ስለሌለው «ማ» ላይ ተለጥፎ ያልፋል። መጥበቅም ቀለም አይጨምርም። «ሲዘጋ» ላይ «ጋ» ቢጠብቅም ቃሉ ያው 3 ቀለም ነው።

ለመቁጠር መዳፍን አገጭ ሥር አድርጎ ስንኙን ቀስ ብሎ ማንበብ ይበቃል፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቀለም ነው። ጣት እያጠፉ መቁጠርም ይቻላል፤ ዓይን ፊደሉን እየተከተለ ጣትን እንዳያሳስት ግን ወረቀቱን ዘወር ማድረግ ነው።

ድምሩ 12 መሆኑ ብቻውንም አይበቃም። የወል ቤት 6 እና 6 ሆኖ መሐሉ ላይ ያርፋል። «ቦርከና ሲሞላብን መንገድ ሲዘጋ» ብንል ድምሩ ያው 12 ነው፤ ዕረፍቱ ግን 7 ላይ ወድቆ ሁለተኛው ሐረግ 5 ይቀረዋል። ቆጥሮ የገጠመ ሰው «ልክ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ያነክሳል።

ያንኑ ሐሳብ ወደ ሰንጎ መገን፣ ማለትም ወደ 5 እና 5 ብናወርደው እንዲህ ይሆናል፦

ቦርከና ሞላ / መንገድ ተዘጋ፣
ሰው ሁሉ ቆመ / ዳር እስኪነጋ።

ወደ ቡሄ በሉ ቤት፣ 4 እና 4፦

ወንዙ ሞላ / ድልድይ ዘጋ፣
ሰዉ ቆሟል / እስኪነጋ።

ሦስቱ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ስሜታቸው ግን ለየቅል ነው። ባለ 12ቱ ይተርካል፣ ባለ 10ሩ ይቸኩላል፣ ባለ 8ቱ ልጆች ነሐሴ 13 በየደጁ የሚጨፍሩበት ምት ነው (ስሙ ራሱ፣ ቡ-ሄ በ-ሉ፣ 4 ቀለም ነው)። ከእነዚህ የሚረዝምም አለ፤ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ጸጋዬ ቤት 8 እና 8 ነው። ቤቱን የሚመርጠው ነገሩ ነው። ለቅሶን በ8 ቀለም የገጠመ ሰው ለምን እንደ ጨዋታ እንደተሰማበት ብዙ ጊዜ አይገባውም።

በነገራችን ላይ፣ ግጥም ሲተየብ «የኔ»ን ወደ «የእኔ»፣ «ሌቱን»ን ወደ «ሌሊቱን» የሚያቃና አራሚ ሳያውቅ ስንኙን ይሰብራል። እያንዳንዱ «እርማት» አንድ ቀለም ይጨምራል። 12 የነበረው 13 ሲሆን ጥፋተኛ የሚባለው ገጣሚው ነው።

«የመጨረሻው ፊደል ከተመሳሰለ ቤት መቷል»

ግማሹ እውነት ነው። ስንኙ በክፍት ድምፅ ሲያልቅ፣ እንደ «ሲዘጋ» እና «እስኪነጋ»፣ የመጨረሻው ፊደል መግጠሙ ይበቃል። በሳድስ ሲያልቅ ግን ጆሮ ከሳድሱ በፊት ያለውን ድምፅም ይጠብቃል። «መንገድ» እና «ገመድ» አጥብቀው ይገጥማሉ። «መንገድ» እና «ጥድ» ሁለቱም በ«ድ» ቢያልቁም የሚገጥሙት ለዓይን ብቻ ነው።

በተቃራኒው፣ ፊደሉ ተለያይቶ ድምፁ የሚገጥምም አለ። «ጦሳ» (የደሴው ተራራ) በእሳቱ ሰ፣ «አነሣ» ደግሞ በንጉሡ ሠ ይጻፋሉ። ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ቤት መተዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው ድክመት በግስ መጨረሻ ቤት መምታት ነው፦ «ሰማች»፣ «መጣች»፣ «በላች»። እዚህ የገጠመው ሰዋስው ነው፤ ገጣሚው አልደከመም። መፍትሔው አንዱን ቃል፣ ያው ድምፅ በራሱ ሥር ውስጥ ካለው ሌላ ቃል ጋር ማገጣጠም ነው። «ደሴ»ን ከ«ነፍሴ» ጋር ስናገናኝ፣ በአንዱ «ሴ» የስሙ አካል ነው፤ በሌላው «የእኔ» የሚለው ምዕላድ አብሮት አለ። ጆሮ ተመሳሳዩን ድምፅ ካልጠበቀበት ቦታ ሲያገኘው ደስ ይለዋል።

«ጥሩ ግጥም ሁሉ ቅኔ ነው፤ ጠለቅ ያለ ሐሳብ ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው»

ቅኔ በቅኔ ቤት ሲባል በግእዝ የሚዘረፍ፣ የየራሱ ስምና ልክ ያለው ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት (እዚህ ቤት ማለት ስንኝ ነው) ነው፤ መወድስ 8። የአማርኛ ግጥም እነዚህን ልኮች ባይከተልም ከእነሱ ሰምና ወርቅን፣ ማለትም የላይኛውንና የተደበቀውን ትርጉም ወርሷል። ሰምና ወርቅ ደግሞ ጥልቅ ሐሳብ የሚባለውን ሁሉ አያቅፍም። የታወቀ አሠራር አለው፤ አንድ ኅብር፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃል ወይም ሐረግ ይፈልጋል። ኅብሩን በጣት ማሳየት ካልተቻለ ያለው ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ ሰምና ወርቅ ግን አይደለም።

ሌላ ምሳሌ፣ ይኸውም ለዚሁ የተገጠመ፦

የደሴ ብርድ መትቶኝ / እንቅልፍ አጣሁና፣
ሌቱን ስስል ነጋ / የኔ ነገር ጠና።

ኅብሩ «ስስል» ነው። ሰሙ ሳል ነው፦ ሰውየው ብርድ መትቶት ሌሊቱን ሲያስለው አደረ። ወርቁ ሥዕል ነው፦ እንቅልፍ አጥቶ የአንዲትን ሰው መልክ በልቡ ሲስል አደረ። «ጠና» ሁለቱንም ያገለግላል፤ በሽታም ይጠናል፣ ፍቅርም ይጠናል። ኅብሩ ብቻውን እንዳይቆም ሌሎቹ ቃላትም ለሁለቱም ትርጉም እንዲሠሩ ነው ልፋቱ። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ኅብር ካገኘ በኋላ የቀረውን ስንኝ ለሰሙ ብቻ ይጽፈዋል፤ ወርቁም የሚይዘው አጥቶ ይንጠለጠላል።

እዚህም ጉዳዩ የጆሮ ነው። በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ለሥዕል ንጉሡን ሠ ስለሚመርጥ «ስሥል» ብሎ ቢጽፈው ወርቁ ገና ሳይነበብ ይጋለጣል። ስለዚህ በጽሑፍ ሲቀመጥ የሰሙ አጻጻፍ ይያዛል።

«‹እንደ› ያለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው»

ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥል ነው። «እንደ መጣ ተኛ» ጊዜን ይናገራል። «እንደ አባቱ ረጅም ነው» እውነተኛ ማወዳደር ነው፤ ሰውን ከሰው ነው ያወዳደረው። ዘይቤ የሚሆነው የማይገናኙ ሁለት ነገሮች በአንድ ባሕርይ ሲገናኙ ነው፦ «ሐሳቡ እንደ ጦሳ ጭጋግ ወርዶ ሸፈነው»። የሚነጻጸረው ሐሳብ፣ የተነጻጸረበት ጭጋግ፣ የሚያገናኛቸው መሸፈን ነው። «እንደ»ን አውጥተን «ሐሳቡ የጦሳ ጭጋግ ነው» ስንል ተለዋጭ ይሆናል። «መሰለ» እና «ያህል»ም ያነጻጽራሉ፤ «እንደ» ብቻውን መለያ አይደለም።

ማነጻጸሪያው እውነት መሆን አለበት። «ልቧ እንደ ኮምቦልቻ ውርጭ ቀዘቀዘብኝ» ያለ ሰው ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ መሆኗን ዘንግቷል። የአገሩ ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ ምፀት ታስቦ ከሆነ ግን ጥሩ ነው።

ሰውኛ እና እንቶኔም ይምታታሉ። «ጦሳ ጋቢውን ደርቦ ተኛ» ሰውኛ ነው፤ ተራራው የሰው ሥራ ተሰጥቶታል። «ጦሳ ሆይ፣ ስማኝ» እንቶኔ ነው፤ መስማት የማይችለውን ማናገር። አንድ ስንኝ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

ግነት ውሸት ነው የሚለውን መመለስ አያስፈልግም፤ «እንባዬ ቦርከናን ሞላው» ሲባል ውሃውን የሚለካ የለም።

«ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የግጥም ዓይነቶች ናቸው»

ወሎ ውስጥ ይህን መስማት ሊያስገርም ይችል ይሆናል፤ ግን ይሰማል። አራቱም ቅኝቶች ናቸው፤ የዜማው ድምፆች የሚደረደሩበት ሥርዓት። አምባሰልም ባቲም የቦታ ስም ስለሆኑ ሰው «የአምባሰል ግጥም» ሲል የአካባቢውን ግጥም ይሁን ቅኝቱን አይለይም። ያችው የቦርከና ግጥም ቃሏ ሳይነካ በትዝታም በባቲም ትዘፈናለች። ዘፋኝ አንድ ቀለም ጎትቶ ሁለት ምት ሊያሰኘው ስለሚችልም፣ ዘፈን እየሰሙ ቀለም መቁጠር ያሳስታል። ዜማው ይውጣና ቃሉ ብቻ ይነበብ።

መንዙማን «በዐረብኛ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። በወሎ መንዙማ በአማርኛም በዐረብኛም ይባላል፤ የአማርኛው በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ አጀሚ ይባላል። በድቤና በጭብጨባ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል። ስንኙን ከዜማው ነጥሎ ሲያነቡት ያጠረ ወይም የረዘመ ሊመስል ይችላል፤ ምቱን የሚሞላው ድቤው ነውና። ስለዚህ መንዙማን በወል ቤት መለኪያ መዝኖ «ጎደለ» ማለት በቁና የሚሰፈረውን በክንድ እንደ መለካት ነው።

«ቤት የማይመታ ግጥም ግጥም አይደለም»

ቤት ሳይመቱ የገጠሙ አሉ፤ ግጥማቸውም ግጥም ነው። የሚጠየቀው ቤት ሲቀር ምን ተተካ የሚለው ነው፦ የሐረግ ድግግሞሽ፣ የዕረፍት ቦታ፣ የቃላት ምት። አንቀጹን እየቆራረጡ ወደ ታች መደርደር ብቻ አይበቃም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ስንኞቹን አስተካክሎ በአንድ አንቀጽ መጻፍና ጮክ ብሎ ማንበብ። የተቆረጠበት ቦታ ላይ አፍ በራሱ ካላረፈ፣ መቁረጡ ለዓይን ብቻ ነበር ማለት ነው።