ኤምኤምኤ (ሚክስድ ማርሻል አርትስ፣ የተቀላቀለ የፍልሚያ ስፖርት) ምንድን ነው?

«ካራቴና ቴኳንዶ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?» ሰፈር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ክርክር ሳያውቀው አይቀርም። ቦክስ የሚሠራው «ሁለቱንም በአንድ ቡጢ!» ብሎ ይገባበታል። ውሹ የሚሠራውም የራሱን ይላል። ማለቂያ የለውም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1993 አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ነገሩ በተግባር ተሞከረ። ዩኤፍሲ የተባለው የፍልሚያ ውድድር አዘጋጅ ያካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ነበር። ስምንት ተፋላሚዎች፣ አንድ ምሽት፣ የክብደት ምድብ የለም። ሱሞ ታጋይ ነበረበት። አንዱ ቦክሰኛ ደግሞ አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት አጥልቆ ገባ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም ሰው ይስቅበታል። ያሸነፈው ሮይስ ግሬሲ የተባለ ቀጠን ያለ ብራዚላዊ የጁጂትሱ ሰው ነው። ይጠጋል፣ ያቅፋል፣ መሬት ላይ ይጥላል። መሬት ላይ ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። ሦስቱንም ተጋጣሚዎቹን እጅ አሰጣቸው።

ብዙ ሰው «በቃ፣ ጁጂትሱ ነው አንደኛው» አለ። አልነበረም። የብራዚል ጁጂትሱ ራሱ ንጹሕ ስልት አይደለም። ሚትሱዮ ማኤዳ የተባለ ጃፓናዊ የጁዶ ሰው በ1914 ብራዚል ገብቶ ለግሬሲ ቤተሰብ ያስተማረው፣ እነሱም በራሳቸው መንገድ የለወጡት ነው።

ቀጥሎ የመጡት ትግል የሚችሉት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ማርክ ኮልማን በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ የታገለ ግዙፍ ሰው ነው። ይጥልሃል፣ ላይህ ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ሆኖ በቡጢ ይደበድብሃል። በ1997 ሞሪስ ስሚዝ የተባለ ኪክቦክሰር ገጠመው። ስሚዝ ከኮልማን የተሻለ ታጋይ ሊሆን አልሞከረም፤ በጥቂት ወራት ልምምድ የማይሆን ነገር ነው። የተማረው ከታች ሆኖ እንዴት ሳይጎዳ እንደሚቆይና እንዴት እንደሚነሳ ነው። ኮልማን እየደበደበ ደከመ፣ ትንፋሽ አጠረው። ስሚዝ ተነስቶ በለመደው ርግጫ ቀጠለበት፣ በዳኞች ውሳኔም የኮልማንን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ። ለእኔ ኤምኤምኤ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው ቅርጽ የያዘው።

በአጭሩ ኤምኤምኤ ቡጢን፣ ርግጫን፣ መጣልንና መሬት ላይ ማነቅን ወይም መገጣጠሚያ መጠምዘዝን በአንድ ውድድር የሚፈቅድ ስፖርት ነው። ከባዱ ነገር ግን እነዚህን መቻል ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ስልት የራሱ አቋቋምና የራሱ ርቀት አለው፤ እነዚህ ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቦክሰኛ ቡጢ ሲመጣበት ጎንበስ ይላል። ቦክስ ውስጥ ትክክል ነው፤ ሙዋይ ታይ (በጉልበትና በክርን ጭምር የሚመታበት የታይላንድ ቦክስ) የሚያውቅ ሰው ፊት ግን አፍንጫህን ለጉልበት ማቀበል ነው። የሙዋይ ታይ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይሄ ደግሞ እግሩን ጠልፎ ለሚጥል ታጋይ ሰርግና ምላሽ ነው። ስለዚህ መቀላቀል ማለት መጨመር ብቻ ሳይሆን መተውም ነው። ብሩስ ሊ ዊንግ ቹን ከተባለው የቻይና ኩንግ ፉ ተነስቶ ቦክስና የሻሞላ ስፖርትን ሲያጠና ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የማይጠቅመውን ይተው ነበር።

ጥሩው ምሳሌ ካናዳዊው ጆርጅ ሴንት ፒየር ነው። ከልጅነቱ ካራቴ ነው የሠራው፤ ትግል የተማረው በኋላ ነው። ሆኖም በ2007 የአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ሻምፒዮን የነበረውን ጆሽ ኮስቼክን መሬት ላይ ጣለው። እንዴት? ካራቴ ከሩቅ በአንድ እርምጃ ዘልቆ መግባትን ያስተምራል። ሰውየው ቡጢ መጣ ብሎ እጁን ሲያነሳ፣ ሴንት ፒየር እግሩ ሥር ደርሷል። ለብቻው ካራቴ አይደለም፣ ለብቻውም ትግል አይደለም።

ከየትኛውም የድሮ ስልት ያልመጣ ነገርም አለ። ተፋላሚዎቹ የሚጋጠሙበትን መድረክ የሚከበውን የሽቦ አጥር ውሰድ። ጁዶም ሆነ ጁጂትሱ ጀርባውን አጥር ላይ ያስደገፈ ሰው እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምርበት ምክንያት አልነበረውም። በሩሲያ የዳግስታን ተወላጁ ካቢብ ኑርማጎመዶቭ ተጋጣሚውን አጥር ሥር አስቀምጦ፣ እግሮቹን በእግሩ ቆልፎ፣ አንድ እጁን ይዞ በሌላው ይመታ ነበር። 29 ጊዜ ተጋጥሞ ሳይሸነፍ ጡረታ ወጣ። መነሻው ትግል፣ ሳምቦ (የሩሲያ የትግል ስልት) እና ጁዶ ይሁን እንጂ ይሄኛው እዚያው አጥሩ ውስጥ የተወለደ ነው።

ለመጀመር ካሰብክና ማስተሩ «እኛ ሁሉንም ቀላቅለን ነው የምንሠራው» ካለህ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ልምምዱን እይ። በአንዱ ዙር ውስጥ ቡጢውም መጣሉም አብረው አሉ ወይ? ሰኞ ቦክስ፣ ረቡዕ ጁጂትሱ፣ ዓርብ ርግጫ ሆኖ ሦስቱ አንድም ቀን የማይገናኙ ከሆነ በአንድ ክፍያ ሦስት ስፖርት እየተማርክ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ኤምኤምኤ አይደለም።