ባለ ሁለት ክፍተት ተከላካይ ምንድን ነው?

የአሜሪካን ፉትቦል ተከታታዮች ስለ አንድ የመከላከያ መስመር ተጫዋች ሲከራከሩ ቶሎ የሚመዙት ቁጥር የሳክ ብዛት ነው፤ ኳርተርባኩን፣ ማለትም የአጥቂውን ቡድን ኳስ ወርዋሪ፣ ኳሱን ሳይወረውር ስንት ጊዜ ጣለው? ለአንዳንዱ ተጫዋች ይህ ትክክለኛ መለኪያ ነው። ለሌላው ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል፤ አሰልጣኙ ያዘዘው ሥራ ሌላ ነውና። ዋናው ጥያቄ ተጫዋቹ ስንት ክፍተት እንዲጠብቅ ተመድቧል የሚለው ነው።

አጥቂው ቡድን ከፊት አምስት ግዙፎችን ያሰልፋል፦ መሃል ላይ ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ሁለት ታክሎች። በሴንተርና በጋርድ መካከል ያለው ክፍተት ኤ፣ በጋርድና በታክል መካከል ያለው ቢ፣ ከታክሉ ውጭ ያለው ሲ ይባላል። በሁለቱም ወገን ሲቆጠሩ ስድስት ናቸው። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው በአንዱ መውጣት ስለሚፈልግ እያንዳንዱ ክፍተት ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ባለ አንድ ክፍተት ተከላካይ ከፊቱ ካለው ሰው በአንደኛው ትከሻ በኩል ይሰለፋል። ኳሱ እንደተነሣ ሰውየውን በሙሉ መጋፈጥ አይጠበቅበትም፤ ያንኑ ትከሻ ብቻ አልፎ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት ነው ሥራው። የመጀመሪያው እርምጃ ፍጥነት፣ የእጅ ቅልጥፍና፣ ዝቅ ብሎ መተጣጠፍ እዚህ ዋጋ አላቸው።

ባለ ሁለት ክፍተቱ ግን ከሰውየው ፊት ለፊት ይቆማል። ኳሱ ሲነሣ ሁለት መዳፎቹን በተጋጣሚው ደረት ላይ ያሳርፋል፤ ክንዶቹን ዘርግቶ ከሰውነቱ ያርቀዋል፤ ዐይኑን ከትከሻው በላይ አሻግሮ ሯጩን ይከተላል። ሯጩ ወደ ግራ ካዘነበለ ሰውየውን ወደ ቀኝ ወርውሮ ግራውን ይዘጋል፤ ወደ ቀኝ ከሆነም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይረባረብበታል፤ ያኔ ደግሞ ከቦታው አለመነቃነቁ ብቻውን ድል ነው። ከኋላው ያለው ላይንባከር፣ ማለትም ከመስመሩ ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ፣ ማንም ሳይነካው ሯጩን ይይዛል፤ ስታቲስቲክሱም በላይንባከሩ ስም ይመዘገባል።

አሰልጣኞች ይህን አድካሚ ሥራ የሚወዱት በሒሳቡ ነው። አንድ ሰው ሁለት ክፍተት ከያዘ፣ ከፊት ይቆም የነበረ አንድ ተጫዋች ወደ ኋላ ተመልሶ ረጅም ኳሶችን መከላከል ይችላል።

ቪንስ ዊልፎርክ ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ በመጀመሪያው ዙር መረጠው፤ ክብደቱ 147 ኪሎ ገደማ ሆኖ በአሰልጣኙ በቢል ቤሊቺክ መከላከያ መሃል ተተከለ፤ የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ ሱፐር ቦውልንም ሁለት ጊዜ አነሣ። በ13 የውድድር ዘመናት ያስመዘገበው ሳክ 16 ነው። የታምፓ ቤዩ ዋረን ሳፕ በ2000 በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ 16.5 አስመዝግቧል። ይህን አይቶ ሳፕ ከዊልፎርክ ይበልጣል የሚል ሰው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ሚዛን እየመዘነ ነው። ሳፕ በጋርዱ የውጭ ትከሻ ላይ ቆሞ አንድ ክፍተት ይሰብር ነበር፤ ዊልፎርክ ሌሎች እንዲሰብሩ መሃሉን ይሸከም ነበር።

ይህን ልዩነት መናቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የዋሽንግተን ቡድን ደጋፊዎች፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ሀበሾች ጭምር፣ አይተውታል። በ2009 ቡድኑ አልበርት ሄይንስወርዝን በሰባት ዓመት እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል አስፈረመ። ሰውየው ቀደም ባለው ዓመት በቴነሲ 8.5 ሳክ ያስመዘገበ፣ ክፍተት ሰብሮ በመግባት የተፈራ የመከላከያ ታክል (የመስመሩ መሃል ተከላካይ) ነበር። በ2010 ማይክ ሻናሃን አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ መከላከያውን ወደ 3-4 ቀየረና ሄይንስወርዝ መሃል ላይ ሸክም እንዲሸከም ተፈለገ። እርሱም ይህን ሥራ አልፈልግም አለ። የአካል ብቃት ፈተና፣ ጭቅጭቅ፣ በመጨረሻም በታኅሣሥ እገዳ ተከተለ፤ በ2011 ወደ ሌላ ቡድን ተላለፈ። ያን ያህል ገንዘብ የተከፈለው ሰው በብቃት ተዘጋጅቶ መምጣት ነበረበት፤ በዚህ አላመካኝለትም። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ቡድኑ አንድ ችሎታ በውድ ገዝቶ ሌላውን ጠየቀ።

3-4 ሲባል ከፊት ሦስት የመስመር ተጫዋቾችና አራት ላይንባከሮች፣ 4-3 ሲባል የዚህ ግልባጭ ማለት ነው። ብዙ ሰው 3-4 ሁሉ ሁለት ክፍተት የሚያስጠብቅ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። አሰልጣኙ ዌድ ፊሊፕስ በ3-4 አሰላለፍ ተጫዋቾቹን አንድ አንድ ክፍተት እያስያዘ ለቀቃቸው። በዚሁ ሥርዓት ጄጄ ዋት በ2012 በሂዩስተን፣ አሮን ዶናልድ በ2018 በሎስ አንጀለስ ራምስ እያንዳንዳቸው 20.5 ሳክ አስመዝግበው የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብለዋል። የዶናልድ ክብደት 127 ኪሎ ያህል ነበር፤ ለመስመሩ መሃል ቀላል የሚባል። ዊልፎርክ ይሸከመው የነበረውን ሥራ በየጨዋታው ቢያሸክሙት ኖሮ ያ የመጀመሪያ እርምጃው ይባክን ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ ስታዩ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት መሃል ያለው ተከላካይ የት እንደቆመ ተመልከቱ። በትከሻ በኩል ከሆነ ለመስበር እንደተዘጋጀ ገምቱ። ልክ ከሴንተሩ ፊት ለፊት ከሆነ ግን እርሱን ተዉትና ከኋላው ያለው ላይንባከር በነጻነት ይሮጥ እንደሆነ ተከታተሉ።