«የነገ ተረካቢ» ያልሆኑት የአርክቲክ ወጣቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ወጣት የነገ አገር ተረካቢ ነው።» ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ይህን ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አባባሉ ደስ ይላል። ግን «ለጊዜው ዞር በል» የሚል ነገርም ከሥሩ አለው።

ይህ ትዝ ያለኝ ስለ አርክቲክ፣ ማለትም ስለ ሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ ሳነብ ነው። ስለዚያ አካባቢ ወጣቶች የሚባለው አብዛኛው ወይ እንዲህ ያለ ምርቃት ነው፣ ወይ ተራ ስህተት። ደጋግሜ የምሰማቸውን እያነሳሁ ልሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«እዚያ ሰው አለ እንዴ? ድብና በረዶ ብቻ አይደል?»

አለ። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው። (ፔንግዊን ግን የለም። እሱ የሚኖረው ወደ ደቡቡ ዋልታ ነው።) ከነዋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ያሉት ሩሲያ ውስጥ ነው። ሙርማንስክ ብቻዋን ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ወደብና ፎቅ ያላት ከተማ ናት። ከጠቅላላው ነዋሪ ከአሥር አንድ ያህሉ እንደ ኢኑይት፣ ሳሚና ኔኔትስ ያሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው።

አካባቢው ባለቤት የሌለው ባዶ ሜዳም አይደለም። አርክቲክ መሐሉ ውቅያኖስ፣ ዙሪያው የስምንት አገሮች መሬት ነው፦ ካናዳ፣ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ አይስላንድ፣ በግሪንላንድ በኩል ደግሞ ዴንማርክ።

ወጣት የሞላበትም ቦታ አለ። የካናዳዋ ኑናቩት ስፋቷ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ሕዝቧ ግን በ2021 ቆጠራ ወደ 37 ሺህ ነበር፤ አንድ ትልቅ ስታዲየም ይበቃዋል። ከዚህ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ27 ዓመት በታች ነው።

«የነገ መሪዎች ናቸው»

ኑናቩት የራሷ አስተዳደር ኖሯት የተመሠረተችው በ1999 ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት መሪዋ ፖል ኦካሊክ ሥልጣን ሲይዙ 34 ዓመታቸው ነበር።

በዴንማርክ ሥር ሆና ራሷን ወደምታስተዳድረው ደሴት፣ ወደ ግሪንላንድ እንሂድ። 2021 ላይ ሙቴ ኤገዴ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እሳቸውም 34። የዚያ ምርጫ ትልቁ ጭቅጭቅ ኩዋነርሱይት የተባለው ተራራ ነበር። እዚያ ብርቅዬ ማዕድናት አሉ፤ አብሯቸው ግን ዩራኒየም ይወጣል። የኤገዴ ፓርቲ ማዕድን ማውጫውን እንደሚያስቆም ቃል ገብቶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዩራኒየም ማዕድንን የሚከለክል ሕግ ጸደቀ። በ2025 ተራው የየንስ-ፍሬድሪክ ኒልሰን ሆነ። 33 ዓመታቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ደሴቲቱን እፈልጋታለሁ ሲሉ ፊት ለፊት ቆሞ መልስ መስጠት የወደቀው በኚሁ ሰው ላይ ነው። ነገን የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ይህ በዕድል የመጣ እንዳይመስላችሁ። የኑናቩት ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ለመሬታቸው ከካናዳ መንግሥት ጋር ዓመታት የፈጀ ድርድር ውስጥ ነበሩ። ድርድሩ የሚገባው ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በ1985 ኑናቩት ሲቩኒክሳቩት የሚባል ትምህርት ቤት በካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ውስጥ ከፈቱ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ኢኑይት ልጆች እዚያ ገብተው የሕዝባቸውን ታሪክና የድርድሩን ጉዳይ ይማሩ ነበር። ስምምነቱ 1993 ላይ ተፈረመ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ።

«መጮህ እንጂ ማስለወጥ አይችሉም»

ይሄኛው ትንሽ ቆም ያደርጋል። መልሱ አዎም አይደለምም ነው።

በ1979 ኖርዌይ አልታ በሚባል የሰሜን ወንዝ ላይ ግድብ ልትሠራ ተነሳች። ወንዙ ያለው የሳሚዎች አገር ውስጥ ነው። ሰባት የሳሚ ወጣቶች ኦስሎ መጥተው ፓርላማው ፊት ለፊት ድንኳን ተከሉና ምግብ አንበላም አሉ። ግድቡ ቀረ? አልቀረም። ተሠራ። ግን ከዚያ ግርግር በኋላ መንግሥት ስለ ሳሚ መብት ዝም ማለት አልቻለም። 1988 ላይ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገቡ። 1989 ላይ የራሳቸው ፓርላማ ተከፈተ።

አሁን ወደ ሌላ የኖርዌይ አካባቢ፣ ወደ ፎሰን። ፎሰን ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ግን የሳሚ ከብት አርቢዎች አገር ናት። ከብት ስል ሬንዲር ማለቴ ነው፣ የቀዝቃዛ አገር አጋዘን። እንስሶቹ ክረምቱን በሚግጡበት ተራራ ላይ 151 የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። ወደ አዳማ ስንሄድ የምናያቸው ዓይነት ናቸው። ኅዳር ላይ ዓይን የሚያምር ነገር ነው፤ ሬንዲር ግን ይሸሻቸዋል። አርቢዎቹ ከሰሱ። በኦክቶበር 2021 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አሥራ አንድ ዳኞች በሙሉ ድምፅ፣ ፈቃዱ የአርቢዎቹን የባህል መብት ስለሚጥስ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ተርባይኖቹ መዞራቸውን ቀጠሉ።

ፍርዱ ከተሰጠ በ500ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2023፣ የሳሚ ወጣቶች ኦስሎ ውስጥ ኢነርጂ ሚኒስቴር ገብተው መግቢያው ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ዘፋኟ ኤላ ማሪ ሄታ ኢሳክሰን ከፊት ነበረች። ተፈጥሮና ወጣቶች የተባለው የኖርዌይ ወጣቶች ማኅበርም አብሯቸው ገባ። ፖሊስ ፌብሩዋሪ 27 ጎህ ሳይቀድ ተሸክሞ አወጣቸው። ሲያወጣቸው ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በር ሄዱ። የስዊድኗ የአየር ንብረት ተሟጋች ግሬታ ቱንበርግም መጣች። የነፋስ ኃይልን ለመቃወም ግሬታን ማየት ብዙ ሰው ግራ አጋብቷል። የወጣቶቹ መልስ ግን ግልጽ ነበር፤ ነፋሱን አንጠላም፣ በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃዱ መትከሉን ነው የምንጠላው አሉ። «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ብለው ሰየሙት። ባህላዊ ልብሳቸውን ገልብጠው ውስጡን ወደ ውጭ አድርገው የለበሱም ነበሩ። በእነሱ ዘንድ ያ የተቃውሞ ምልክት ነው።

ማርች 2 ላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ። የአርቢዎቹ መብት እየተጣሰ መሆኑን መንግሥት አመነ። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ከሁለቱ የአርቢ ቡድኖች ጋር ስምምነት ተደረሰ፦ ተጨማሪ የክረምት ግጦሽ፣ ገንዘብ፣ ወደፊት ደግሞ የመወሰን መብት። ተርባይኖቹ ግን አልተነሱም።

እንግዲህ ይሄ ድል ነው ሽንፈት? እኔ እንደ አልታው ነው የማየው። የያዙትን ነገር አጥተው ከኋላው ያለውን መብት ይዘው ይወጣሉ። ሁልጊዜ ደግሞ አይሳካም። ያው የወጣቶች ማኅበር ከግሪንፒስ ጋር ሆኖ በባረንትስ ባሕር የነዳጅ ፍለጋ ጉዳይ መንግሥትን ከሶ፣ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸንፏል። ባዶ እጁን።

«ሁሉም አክቲቪስት ነው፤ ማዕድን ሲሰማ ያብዳል»

ኧረ አይደለም። ደመወዝ የሚፈልግ ወጣት እዚያም አለ። የኒልሰን ፓርቲ ለንግድና ለግል ሥራ ቅርብ ነው፤ ከዴንማርክ ነፃ መውጣቱም ቀስ ተብሎ ይሁን ይላል። በ2025ቱ የግሪንላንድ ምርጫ ሁለተኛ የወጣው ናሌራቅ የተባለው ፓርቲ ደግሞ ቶሎ እንውጣ ባይ ነው። ሁለቱም ቤት ወጣት አለ። «የአርክቲክ ወጣት እንዲህ ይላል» የሚል ዜና ስታዩ የትኛው ወጣት ብላችሁ ጠይቁ።

«ሌት ተቀን የሚያስጨንቃቸው የበረዶው መቅለጥ ነው»

ያስጨንቃቸዋል። ከ1979 ወዲህ አርክቲክ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት ሞቋል። ግን ኑናቩት ውስጥ አንዱን ወጣት ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ ቤት ሊሆን ይችላል። አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖራል። ግድግዳው ሻጋታ ነው። ምግብ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም።

ቋንቋም አለ። አኪ-ማቲልዳ ሆይ-ዳም በ22 ዓመቷ በ2019 ከግሪንላንድ ተመርጣ ዴንማርክ ፓርላማ ገባች። በ2023 እዚያው መድረክ ላይ በግሪንላንድኛ ተናገረች፤ በዴንማርክኛ ድገሚው ስትባል እምቢ አለች። በአንድ አገር ውስጥ የማን ቋንቋ ይነገር የሚለው ክርክር ለእኛ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

«ዘመናዊ ሲሆኑ የአባቶቻቸውን እውቀት ጣሉ»

በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለች ኔይን የምትባል መንደር ይህን ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ናት። በ2009 እና 2010 መካከል የነበረው ክረምት ያለወትሮው ሞቀ። ሽማግሌዎች ለዘመናት ያነበቡት የባሕር በረዶ አሳሳታቸው። ሰው በረዶው ተሰብሮ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ስማርትአይስ የሚባል ሥራ ተጀመረ። በበረዶው ውስጥ የሚተከል የውፍረት መለኪያ አለ፤ ሌላው መለኪያ በበረዶ ሞተር በሚጎተት መንሸራተቻ ላይ ይታሰራል። መለኪያውን ኔይን ውስጥ የሚገጣጥሙት የመንደሩ ወጣቶች ናቸው። የት ይተከል፣ የትኛው መንገድ ያሰጋል የሚለውን ደግሞ ሽማግሌ አዳኞች ይነግራሉ። ሽማግሌው ከሌለ መሣሪያው የት እንደሚቆም አያውቅም።

ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ አሞክ የሚባል ራፐር አለ። የሚዘፍነው በኢናሪ ሳሚ ነው፤ ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ በሚናገሩት ቋንቋ። ራፕ ለማድረግ ምን ያህል ግጥም ቤት መምቻ እንዳለው አላውቅም፤ እሱ ግን እያገኘ ነው።

«ወንበር ከተሰጣቸው ጉዳዩ አለቀ»

በ1996 የተቋቋመው የአርክቲክ ምክር ቤት ውስጥ የሚወስኑት ስምንቱ መንግሥታት ናቸው። ስድስት የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች አብረው ተቀምጠው ይመክራሉ። ወጣቶች በነዚህ በኩል ይገባሉ፤ ይጋበዛሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ። የራሳቸው ቋሚ ወንበር የላቸውም።

ወንበር ማግኘት ብቻውንም አይበቃም። ሙሚላቅ ቃቃቅ በ2019 በ25 ዓመቷ ኑናቩትን ወክላ የካናዳ ፓርላማ ገባች። በየመንደሩ ቤት ለቤት ዞራ ሻጋታውን አየች፤ ያየችውን ጽፋ አቀረበች። በጁን 2021 የስንብት ንግግሯን አደረገች። የፓርላማው ጥበቃዎች ኮሪደር ላይ ከኋላዋ እየሮጡ ይከተሏት እንደነበር፣ እዚያ ቤት በገባች ቁጥር ቦታዋ እንዳልሆነ እንደሚሰማት ተናገረች። ድጋሚ አልተወዳደረችም። 27 ዓመቷ ነበር።