«ይህን ያህል ታንክ ነበረው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ 1969–70ው የኦጋዴን ጦርነት ሲነሳ የታንክ ቁጥር ይጠቀሳል። ቁጥሩ ግን ብዙውን ጊዜ በመዝገብ ላይ ያለውን ነው የሚያሳየው፤ ሞተሩ የሚነሳ፣ ጥይት ያለውና ሠራተኛው የሰለጠነ ታንክ ስንት እንደሆነ አይናገርም።

ዓይነቱም መታየት አለበት። ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት ያገኘችው ቲ-55 ባለ 100 ሚሊሜትር መድፍ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የተቀበለችው ቀላሉ ኤም-41 ደግሞ 76 ሚሊሜትር መድፍ ብቻ ነበረው። አንዱን ለአንዱ መቁጠር ትክክል አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። አሜሪካ በ1969 እርዳታዋን ስታቆም የኢትዮጵያ ታንኮች በመዝገብ ላይ ነበሩ፤ ነገር ግን አንድ ክፍል የተሰበረበት ታንክ ቆሞ ይቀራል፣ ወይም ለሌላው መጠገኛ ይፈታል። የውጭ መሣሪያ በሰጪው እጅ እንዳለ ልጓም ነው። ሶማሊያም በተራዋ ይህ ደረሰባት፤ በኅዳር 1970 የሶቪየት አማካሪዎችን ስታባርር የመሣሪያ ምንጯ ደረቀ።

በአንጻሩ ለኢትዮጵያ የሶቪየት ታንኮች በብዛት መጡ፤ ኩባውያን ታንከኞችም አብረው ተሰለፉ። ይህን ማሳነስ አይገባም፤ አዲስ ታንክ ያለ ሠራተኛ ብረት ብቻ ነው። ካራማራን ፊት ለፊት ብቻ ከመግጠም ይልቅ ቀላል ብረት ለበሶች በሄሊኮፕተር ከተራራው ማዶ ተራገፉ፤ ጅጅጋም በየካቲት 26 ቀን 1970 ተያዘች።