የእናት ስኳር የፅንስን አፈጣጠር የሚያዛባው እንዴት ነው?

ጎጃም ውስጥ ሕፃን ጀርባው ላይ እባጭ ይዞ ወይም ልቡ ላይ ቀዳዳ ኖሮበት ሲወለድ ወሬው ቶሎ ወደ እናትየው ይዞራል። «በቀትር ወንዝ ወርዳ ነው»፣ «ጥላ ወግቷት ነው» ይባላል። የደም ስኳሯ ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር በሽታ ያለባት ሴት ስኳሯ ሳይስተካከል ከፀነሰች፣ በደሟ የበዛው ስኳር ወደ ፅንሱ ያልፋል። የምትወጋው፣ ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ፅንሱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ኢንሱሊን አያመርትም፤ ቆሽቱ ገና ለዚያ አልደረሰም። ስለዚህ የመጣለትን ስኳር ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል። ያ ሁሉ ስኳር ሴሎቹ ውስጥ ሲቃጠል ጎጂ ተረፈ ነገር ይከማችና የትኛው ሴል ምን እንደሚሆን የሚያዙትን ጂኖች ሥራ ያውካል። በአይጦች ላይ በደንብ የተጠናው ፓክስ 3 የሚባለው ጂን ነው። ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ በወጉ እንዲዘጋ ይህ ጂን ያስፈልጋል። ሲዳከም ቱቦውን መዝጋት የነበረባቸው ሴሎች ይሞታሉ፤ ቱቦው ክፍቱን ይቀራል። ጀርባ ላይ የሚታየው እባጭም ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜው ነው። እስቲ ቀን እንቁጠር። አንዲት የደምበጫ ሴት የወር አበባዋ በእንቁጣጣሽ ዕለት መጣ እንበል። በደመራ ሰሞን ትፀንሳለች። መስከረም 29 መምጣት የነበረበት አበባ ይቀራል፤ «ድካም ይሆናል» ብላ ታልፈዋለች። ጥቅምት 7 ገደማ የፅንሱ ልብ መምታት ይጀምራል። ጥቅምት 13 ገደማ የነርቭ ቱቦው ተዘግቶ ያልቃል። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ልቡ ዋና ዋና ክፍሎቹን ሠርቶ ጨርሷል። እሷ ግን አዝመራው ገብቶ፣ ሆዷም ገፋ ብሎ፣ ጥር ላይ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ካርድ ታወጣለች፣ ደሟ ይታያል። መሄዷ ደግ ነው፤ ስኳሯ ከዚያ በኋላም ቢሆን መስተካከል አለበት። ለልብና ለአከርካሪ አፈጣጠር ግን ጊዜው አልፏል።

በእርግዝና ምክንያት የሚመጣው ስኳር ሌላ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ24ኛው ሳምንት ወዲህ ነው፤ በደምበጫዋ ሴት አቆጣጠር ከየካቲት አጋማሽ በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የአካል ክፍሎች ተሠርተው አልቀዋል። ሕፃኑን ከልክ በላይ ሊያወፍረውና ምጡን ሊያከብደው ይችላል እንጂ እንዲህ ያለ የአፈጣጠር ጉድለት እምብዛም አያመጣም።

ስኳር ኖሮባት የምትፀንስ ሁሉ ግን አትፍራ። የአፈጣጠር ጉድለት ዕድሉ ከሌሎች እናቶች ከ2 እስከ 4 እጥፍ ይበልጣል፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ዕድሉን የሚወስነው ስኳሩ በፀነሰችበት ሰሞን ያለው መጠን ነው። ለዚህ የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳይ ኤችቢኤዋንሲ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ከመፀነስ በፊት ከ6.5 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ10 በላይ ከሆነ ሐኪሞች «ትንሽ ቆዪ፣ መጀመሪያ ስኳሩን እናውርደው» ይላሉ። እስከዚያ የእርግዝና መከላከያ መውሰድ ነው።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል የስኳር ክትትል ያላት ሴት «መውለድ አስቤያለሁ» ብላ አስቀድማ ትንገራቸው። ኪኒኖቿም ይታዩ፤ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ለምሳሌ በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚንም ከመፀነስ በፊት ይጀመራል። እጥረቱ ስኳር በሌለባት ሴት ላይም የነርቭ ቱቦ ክፍተት ያመጣልና። የጎጃም ማር መድኃኒት ነው ለሚሉ ዘመዶችም መልስ ይኑራት፤ ማርም ስኳር ከፍ ያደርጋል። «መርፌው ልጁን ይጎዳዋል» ብላ ኢንሱሊኗን እንዳታቋርጥ ደግሞ ባሏም አማቷም አብረው ይስሙ።